ቦዶ ግሊምትና የጣሊያን ክለቦች፦ የሃምሳ ዓመት ሒሳብ

ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2026 ማታ፣ ሚላን ከተማ፣ ሳን ሲሮ ስታዲየም። ኢንተር ሚላን ከአንድ የኖርዌይ ክለብ ጋር የሻምፒዮንስ ሊግ ጥሎ ማለፍ የመልስ ጨዋታውን ያደርጋል። ኢንተር ከዚያ በፊት ከነበሩት ሦስት የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜዎች ሁለቱን የተጫወተ ቡድን ነው። በመጀመሪያው ጨዋታ 3 ለ 1 ተሸንፎ ነው የመጣው። ቢሆንም በሜዳው ይገለብጠዋል ብሎ የጠበቀው ሰው ብዙ ነበር። እረፍት የወጡት ያለ ጎል ነው። ከእረፍት መልስ፣ በ58ኛው ደቂቃ፣ ኢንተሮች ከኋላ ኳስ አበላሹና የንስ ፔተር ሃውገ አስቆጠረ። ትንሽ ቆይቶ ሆኮን ኤቭየን ሁለተኛውን ጨመረ። ኢንተር አንድ መለሰ፤ ከዚያ በላይ ግን አልቻለም። ጨዋታው 2 ለ 1 አለቀ። በድምር 5 ለ 2።

አሸናፊው ቦዶ ግሊምት ይባላል። ቦዶ ከአርክቲክ ክበብ በላይ ያለች የባሕር ዳር ከተማ ናት። ነዋሪዋ ሃምሳ ሺህ ከፍ ቢል ነው። የክለቡ ስታዲየም አስፕሚራ የሚይዘው ስምንት ሺህ ሰው ብቻ ነው። የቦዶ ሕዝብ ሕፃን ሽማግሌ ሳይቀር ሳን ሲሮ ቢገባ እንኳ ከሃያ ሺህ በላይ ወንበር ባዶ ይቀራል።

በማግስቱ ሁሉም የተጠቀመው ቃል አንድ ነው፤ ተአምር። ቃሉ ያምራል። እኔ ግን አልቀበለውም። ተአምር ሳይታሰብ ከሰማይ የሚወርድ ነገር ነው። ይሄ ግን ተሸንፎ፣ ተምሮ፣ ተመልሶ፣ ደግሞ ተሸንፎ የመጣ ነው። ይሄን ለማየት ክለቡ ከጣሊያን ቡድኖች ጋር ያደረጋቸውን ጨዋታዎች ብቻ ተራ በተራ መቁጠር ይበቃል። መጀመሪያ የተገናኙት በ1976 ነው። እስከ ሳን ሲሮው ማታ ድረስ ሃምሳ ዓመት ገደማ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከደጅ የቆሙበት ዘመን

ግሊምት በ1916 የተመሠረተ ክለብ ነው። ስሙ በኖርዌይኛ ብልጭታ ማለት ነው። ግን ለረጅም ዓመታት በአገሩ ከፍተኛ ሊግ የመጫወት መብት አልነበረውም። ደካማ ስለነበረ አይደለም። የሰሜን ኖርዌይ ክለብ ስለነበረ ብቻ ነው። መንገዱ ሩቅ ነው፣ ክረምቱ ከባድ ነው፣ ኳሳቸውም ዝቅ ያለ ነው ተብሎ ሰሜኖቹ ለብቻቸው ተትተው ነበር። በአገሪቱ ዋንጫ ውስጥ የተካተቱት በ1963 ነው። በሊጉ የማደግ ዕድል ያገኙት ደግሞ በ1972 ነው። ያኔም ቢሆን ደንቡ እኩል አልነበረም። የደቡቡ ምድብ አሸናፊ በቀጥታ ሲያድግ የሰሜኑ አሸናፊ ተጨማሪ ማጣሪያ መጫወት ነበረበት።

ግሊምት በዚህ ሁኔታ ውስጥ እያለ በ1975 የኖርዌይን ዋንጫ በላ። ከሰሜን ኖርዌይ የመጀመሪያው ነው። ወደ ከፍተኛው ሊግ ሳያድግ ዋንጫ ወሰደ ማለት ነው። እዚያ አካባቢ ያሉ ሰዎች ይሄን ታሪክ ዛሬም በስሜት ነው የሚያወሩት። እውነታቸውን ነው። ለዓመታት አትመጥኑም ሲባሉ ኖረው መልሱን ሜዳ ላይ ሰጡ።

ያ ዋንጫ ወደ አውሮፓ አደረሳቸው። በዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫ የደረሳቸው ናፖሊ ነበር። በሜዳቸው 2 ለ 0፣ ኔፕልስ ላይ 1 ለ 0 ተሸነፉ። ከሁለት ዓመት በኋላ በዚያው ውድድር ኢንተር ደረሳቸው። ሚላን ላይ 5 ለ 0፣ ቦዶ ላይ 2 ለ 1። በድምር 7 ለ 1። ይሄን ቁጥር ያዙልኝ፤ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

በ1993 ግሊምት ሁለተኛውን የኖርዌይ ዋንጫ አነሳ። በቀጣዩ ዓመት ሳምፕዶሪያ መጣ። ያ ዘመን የጣሊያን ሊግ የዓለም ቁንጮ የነበረበት ነው። ግሊምት በሜዳው 3 ለ 2 አሸነፈ። ጄኖዋ ሄዶ 2 ለ 0 ተሸነፈና ወደቀ። ቤት ውስጥ አስደንግጦ ውጪ ላይ መውደቅ። ይሄ ልማድ ለብዙ ዓመት አልለቀቀውም።

ከሁለተኛ ሊግ ወደ ሳን ሲሮ

አሁን ያለውን ግሊምት ለመረዳት 2016 ላይ መቆም ያስፈልጋል። በዚያ ዓመት ክለቡ ወደ ሁለተኛ ሊግ ወረደ። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎም በገንዘብ ችግር ሊከስር ጫፍ ደርሶ ነበር። በ2017 ሁለተኛውን ሊግ አሸንፎ ተመለሰ። በ2018 ረዳት አሰልጣኝ የነበረው ሼቲል ክኑትሰን ዋና አሰልጣኝ ሆነ። የመጀመሪያ ዓመቱን 11ኛ ሆኖ ጨረሰ። በ2019 ሁለተኛ ወጣ። በ2020 የኖርዌይ ሻምፒዮን ሆነ፤ በክለቡ ታሪክ የመጀመሪያው የሊግ ዋንጫ። በ30 ጨዋታ 103 ጎል አግብቶ 81 ነጥብ ሰብስቧል። ከዚያ በ2021፣ በ2023 እና በ2024 ደገመው።

በዚህ መሃል አንድ ለየት ያለ ሰው ክለቡን ተቀላቀለ። ቢዮርን ማንስቨርክ ይባላል። ኳስ ተጫዋች አልነበረም። የጦር አውሮፕላን አብራሪ ነበር። ቦዶ ለረጅም ጊዜ የኖርዌይ አየር ኃይል ትልቅ ጣቢያ የነበረባት ከተማ ናት። ማንስቨርክ አብራሪዎች በጭንቅ ሰዓት ልባቸውን እንዴት እንደሚያረጋጉ የሚያውቀውን ለኳስ ተጫዋቾች ማስተማር ጀመረ። የሥራው ፍሬ ነገር ቀላል ነው። ስለ ውጤት አታውሩ። ስለ ሥራችሁ አውሩ። ዛሬ የነበረኝን ሁሉ ሰጥቻለሁ ወይ? አቅጣጫዬን ይዣለሁ ወይ? ጥያቄው ይኸው ነው።

ይሄ ወሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ ሜዳ ላይ የሚታይ ምልክት አለው። ግሊምት ጎል ሲገባበት ልብ ብላችሁ እዩ። ተጫዋቾቹ አንድ ላይ ይሰበሰባሉ፣ ክብ ይሠራሉ፣ ይነጋገራሉ። አንዱ በሌላው ላይ እጁን አይቀስርም። ከዚያ ወደ ጨዋታቸው ይመለሳሉ። ልምዱ የሚታየው በከፋው ሰዓት ስለሆነ ነው የማምነው። ጥሩ ሲሆን ሁሉም ተቃቅፎ ይደሰታል።

አጨዋወታቸውም ለዓመታት አልተቀየረም። 4-3-3 ነው፤ አራት ተከላካይ፣ ሦስት አማካይ፣ ሦስት አጥቂ። ኳስ ሲያጡ እዚያው ተቃራኒው ሜዳ ላይ ተረባርበው ይጫናሉ። ኳስ ሲይዙ ፈጣን አንድ ሁለት፣ ቦታ መቀያየር፣ ከኋላ የሚሮጥ ሦስተኛ ሰው። ተጫዋች ይሄዳል፣ ሌላ ይመጣል፣ ሥራው ግን ያው ነው። ለዚህ ነው ከውጪ የሚመጣ ልጅ ሁለት ሦስት ወር ውስጥ ተዋህዶ የምታዩት።

ሴፕቴምበር 2020 ላይ ይሄ ቡድን ለዩሮፓ ሊግ ማጣሪያ ኤሲ ሚላንን ሊገጥም ሳን ሲሮ ሄደ። በወረርሽኙ ምክንያት የመልስ ጨዋታ የለም። ግሊምት ቀድሞ አገባ። ሚላን ገለበጠው፤ 3 ለ 1 ሆነ። ሃውገ የተባለ የ20 ዓመት የቦዶ ልጅ ሁለተኛውን አስቆጠረ። 3 ለ 2 አለቀ። ግሊምት ወደቀ። ሚላኖች ግን ባዩት ነገር ደንግጠው በሳምንቱ ሃውገን ራሱን ገዙት።

የሮማው ማታ፣ የሮማው በቀል

ብዙዎቻችን የግሊምትን ስም የሰማነው ኦክቶበር 21 ቀን 2021 ነው። ኮንፈረንስ ሊግ፣ ቦዶ ላይ፣ ከሮማ ጋር። የሮማ አሰልጣኝ ጆዜ ሞሪንሆ ነበር። ውጤቱ 6 ለ 1። ሞሪንሆ በአሰልጣኝነት ዘመኑ ስድስት ጎል ሲገባበት የመጀመሪያው ነው። ሮማ ብዙ ቋሚ ተሰላፊዎቹን አሳርፎ እንደነበር እውነት ነው። ግን በምድቡ የመልስ ጨዋታ ሮም ላይ 2 ለ 2 ተለያዩ። በጥሎ ማለፉ ደግሞ ግሊምት ሴልቲክን ግላስጎው ሄዶ 3 ለ 1፣ በሜዳው 2 ለ 0 አሸነፈ። ቀጥሎ የሆላንዱን አዜድ አልክማርን በተጨማሪ ሰዓት ጣለ። ሩብ ፍጻሜ ላይ እንደገና ሮማ መጣ። ቦዶ ላይ ግሊምት 2 ለ 1 አሸነፈ። በዚያ ወቅት ከሮማ ጋር ካደረጋቸው አራት ግጥሚያዎች ሦስቱን ሳይሸነፍ ወጣ ማለት ነው። አራተኛው ሮም ላይ ነበር። 4 ለ 0። ሮማ ወደፊት ሄዶ ዋንጫውን በላ።

እዚህ ላይ ስለ ሞሪንሆ አንድ ነገር ልጨምር። የኖርዌይ ክለብ ሲያሳዝነው ያ የመጀመሪያው አይደለም። በሴፕቴምበር 2007 ቼልሲ በሜዳው ከሮዘንቦርግ ጋር 1 ለ 1 ወጣ። ከሁለት ቀን በኋላ ሞሪንሆ ከቼልሲ ተለያየ።

ሮዘንቦርግን ካነሳን ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም። የትሮንድሄሙ ክለብ ከ1992 እስከ 2004 በተከታታይ 13 ጊዜ የኖርዌይ ሻምፒዮን ሆኗል። ከ1995 ጀምሮ ስምንት ተከታታይ ዓመት በሻምፒዮንስ ሊግ ምድብ ተጫውቷል። በዲሴምበር 1996 ሳን ሲሮ ላይ ኤሲ ሚላንን 2 ለ 1 አሸንፎ ከምድቡ አስወጣውና ሩብ ፍጻሜ ገባ። ሃራልድ ብራትባክና ቬጋርድ ሄገም ነበሩ ያስቆጠሩት። ሩብ ፍጻሜ ላይ ጁቬንቱስ አስቆመው። አሰልጣኙ ኒልስ አርነ ኤገን አንድ የታወቀ አስተሳሰብ ነበረው። ጓደኛህ በሚመቸው እግሩ እንዲጫወት አድርገህ ኳሱን ስጠው፤ አንተም ያን ጊዜ ጥሩ ትሆናለህ። ያም ቡድን 4-3-3 ነበር። ያም በአገር ልጆች የተገነባ ነበር። ግሊምት ከባዶ አልተነሳም የምለው ለዚህ ነው። ኖርዌይ ውስጥ መንገዱ አንዴ ተጠርጎ ነበር። ኋላ ሮዘንቦርግ ሲዳከም መንገዱ ሣር በቀለበት።

የተዘጉት ሦስት በሮች

ስለ ግሊምት ሲወራ ድሎቹ ብቻ ይቆጠራሉ። እኔ ደግሞ ሽንፈቶቹ የበለጠ ይናገራሉ ባይ ነኝ።

በ2021 ለመጀመሪያ ጊዜ የሻምፒዮንስ ሊግ ማጣሪያ ገቡ። ሌጊያ ዋርሶ ሁለቱንም ጨዋታ አሸንፎ አሰናበታቸው። በ2022 የመጨረሻው ማጣሪያ ላይ ደረሱ። ዲናሞ ዛግሬብን በሜዳቸው 1 ለ 0 አሸንፈው ክሮኤሺያ ሄዱ። በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 1 ተሸነፉ። በ2024 እንደገና መጨረሻው ማጣሪያ። ሬድ ስታርን በሜዳቸው 2 ለ 1 አሸንፈው ቤልግሬድ ሄዱ። 2 ለ 0 ተሸነፉ። ሦስት ጊዜ በሩ ድረስ ሄደው ሦስት ጊዜ ተዘጋባቸው። ሁለቱ ደግሞ አንድ ዓይነት ናቸው። በሜዳ ጠባብ መሪነት፣ ከዚያ ውጪ መደርመስ።

በየጊዜው ወደ ታችኛው ውድድር ሲወርዱ ግን እዚያም ትምህርት ነበር። በ2022 ከአርሰናል ጋር አንድ ምድብ ውስጥ ነበሩ። የአርሰናል ደጋፊ ያስታውሳል፤ ለንደን ላይ 3 ለ 0፣ ቦዶ ላይ ሳካ ባገባት አንዲት ጎል 1 ለ 0። የዩናይትድ ደጋፊም ኖቬምበር 2024ን ያስታውሳል። ሩበን አሞሪም ለመጀመሪያ ጊዜ ኦልድ ትራፎርድ ላይ የመራው ጨዋታ ከግሊምት ጋር ነበር። ዩናይትድ ገና በመጀመሪያው ደቂቃ አገባ። ግሊምት አልፈራም፤ ገልብጦ 2 ለ 1 መራ። በመጨረሻ 3 ለ 2 ተሸነፈ። ግን ያን ማታ ያየ ሰው ይሄ ቡድን ለመከላከል እንዳልመጣ ገብቶታል።

አብዛኛው ትንሽ ክለብ ሦስቴ እንዲህ ቢሸነፍ አሰልጣኝ ያባርራል። ግሊምት አላባረረም። ክኑትሰንም አልሄደም። የትልልቅ ክለቦች ስም ከስሙ ጋር በተነሳ ቁጥር ቦዶ ላይ ቀረ። በእኔ ግምት የታሪኩ ዋና ምሰሶ ይሄ ነው። አንድ አሰልጣኝ ከስምንት ዓመት በላይ አንድ ሐሳብ ላይ ሲሠራ፣ ያለፈው ዓመት ስህተት የሚታረመው ያንኑ ስህተት ባዩ ሰዎች ነው።

ላዚዮ ላይ የተቆረጠው ልማድ

የ2024–25 ዩሮፓ ሊግ ነው። ግሊምት ፖርቶን በአሥር ሰው ተጫውቶ 3 ለ 2 አሸነፈ። በ36 ክለቦች መሃል 9ኛ ሆኖ ጨረሰ። ትዌንተ ሆላንድ ላይ 2 ለ 1 ቢያሸንፈውም ቦዶ ላይ በተጨማሪ ሰዓት 5 ለ 2 መለሰለት። ኦሊምፒያኮስን 3 ለ 0 አሸንፎ የመልሱን 2 ለ 1 ቢሸነፍም አለፈ።

ከዚያ የሮም ከተማው ላዚዮ። ቦዶ ላይ ኡልሪክ ሳልትነስ ሁለት አስቆጥሮ 2 ለ 0። እንደገና ሮም ላይ፣ እንደገና መሪነት ይዞ፣ እንደገና ኦሊምፒኮ ስታዲየም። የሦስት ዓመት በፊቱ 4 ለ 0 በሁሉም አእምሮ ውስጥ አለ። ላዚዮ መጀመሪያ አንድ አገባ። በባከነ ሰዓት ሁለተኛውን አገባ። በተጨማሪ ሰዓት ሦስተኛውን። በቃ፣ ልክ እንደ ዛግሬብ፣ ልክ እንደ ሮማ ሊሆን ነው። ግን ከተቀያሪ ወንበር የተነሳው አንድሬያስ ሄልመርሰን በጭንቅላቱ ገጭቶ አገባ። ድምሩ 3 ለ 3 ሆነ። መለያ ምት ላይ ግብ ጠባቂው ኒኪታ ሃይኪን ቡድኑን አዳነ። 3 ለ 2። ግሊምት በአውሮፓ ውድድር ግማሽ ፍጻሜ የገባ የመጀመሪያው የኖርዌይ ክለብ ሆነ።

ያቺ ከተማ ያኔ ምን እንደሆነች መገመት አያዳግትም። ለግማሽ ፍጻሜው ጨዋታ ለሽያጭ ለቀረቡ ጥቂት መቶ ትኬቶች በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ኢንተርኔት ላይ ተሰለፉ። ትኬት ለማግኘት አምስት ኪሎ የሬይንዲር ሥጋ የሰጠ ደጋፊ ነበር፤ ሬይንዲር የሚባለው በበረዶው አገር የሚረባው አጋዘን ነው። ስታዲየሙ ውስጥ ደግሞ ከ1970ዎቹ ጀምሮ የክለቡ ምልክት የሆነው ግዙፍ ቢጫ የጥርስ ብሩሽ ይውለበለባል። ባንዲራ ሳይሆን የጥርስ ብሩሽ። ባዩት ቁጥር ደስ የሚል ነገር ነው።

ቶተንሃም ግን በረታ። ለንደን ላይ አምበሉ ፓትሪክ በርግና ኤቭየን በካርድ ቅጣት አልነበሩም፤ 3 ለ 1 ሆነ። ቦዶ ላይ 2 ለ 0። ቶተንሃም ዋንጫውን በላ። አስተውሉ፤ በ2022 የጣላቸው ሮማም፣ በ2025 የጣላቸው ቶተንሃምም በዚያው ዓመት ሻምፒዮን ሆነዋል።

ብርዱና ሰው ሠራሹ ሜዳ

አንድ የማይጠፋ ክርክር አለ። ግሊምት የሚያሸንፈው በብርዱና በፕላስቲክ ሜዳው ነው የሚል። ክርክሩ መሠረት የለውም አልልም። አስፕሚራ ሰው ሠራሽ ሣር ነው። ኳሱ ፈጥኖ ይሄዳል፣ የማያውቀው እግር ይቸገራል። በኤፕሪል እንኳ ከሜዳው በረዶ የሚጠረግበት ጊዜ አለ። ዩኤፋም ይፈቅዳል። የኖርዌይ አብዛኞቹ ክለቦች በዚህ ዓይነት ሜዳ ነው የሚጫወቱት፤ በዚያ አየር የተፈጥሮ ሣር ማቆየት ፈተና ነው።

ግን ሒሳቡን እንሥራ። ብርዱ ብቻውን ቢበቃ ኖሮ ትሮምሶ ዛሬ የት በደረሰ። ከቦዶም በላይ ሰሜን ያለ ክለብ ነው። በ1997 ቼልሲን በበረዶ ውሽንፍር ውስጥ 3 ለ 2 አሸነፈ። ለንደን ሲሄድ 7 ለ 1 ተሸነፈ። ግሊምትም ቢሆን በዚያው ሜዳ ላይ በአርሰናል፣ በፒኤስቪ፣ በካራባግ፣ በቶተንሃም፣ በሞናኮ፣ በጁቬንቱስ ተሸንፏል። በአንጻሩ ሴልቲክን ግላስጎው ላይ፣ ብራጋን ፖርቱጋል ላይ አሸንፏል። ዶርትሙንድን ጀርመን ላይ 2 ለ 2 ይዟል። ሜዳው ይረዳል። ሁሉን ነገር ግን አያብራራም።

ከሜዳው ይልቅ እኔን የሚገርመኝ የውድድር ጊዜያቸው ነው። የኖርዌይ ሊግ የሚጀመረው በጸደይ ነው፣ የሚያልቀው በክረምቱ መግቢያ ላይ። ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ ላይ አውሮፓ በሙሉ ሲጋጋል እነሱ ሊግ የላቸውም። ዲሴምበር 10 ቀን 2025 ዶርትሙንድ ላይ ከተጫወቱ በኋላ ቀጣዩ የነጥብ ጨዋታቸው ጃንዋሪ 20 ከማንቸስተር ሲቲ ጋር ነበር። ስድስት ሳምንት ያለ ጨዋታ። ይሄ እግር ያዝጋል። በሌላ በኩል ደግሞ ተጋጣሚው በሦስት ቀን አንዴ ሲጫወት ደክሞ ይመጣል፤ እነሱ ትኩስ ናቸው። ጥቅሙም ጉዳቱም አብሮ አለ።

በመጨረሻ የተከፈተው በር

ኦገስት 2025 ላይ የኦስትሪያውን ስቱርም ግራዝ በሜዳቸው 5 ለ 0 አሸነፉ። በዚህ ጊዜ ጠባብ መሪነት ይዘው አልሄዱም። የመልሱን 2 ለ 1 ቢሸነፉም ምንም አልለወጠም። ከሮዘንቦርግ የ2007 ተሳትፎ ወዲህ ሻምፒዮንስ ሊግ የገባ የመጀመሪያው የኖርዌይ ክለብ ሆኑ። በታሪክ ደግሞ ከሮዘንቦርግና ከሞልደ ቀጥሎ ሦስተኛው።

ጅማሬው ግን መራራ ነበር። ከስላቪያ ፕራግ ጋር 2 ለ 2፣ ከቶተንሃም ጋር 2 ለ 2፣ በጋላታሳራይ 3 ለ 1 ሽንፈት፣ በሞናኮ 1 ለ 0 ሽንፈት። ከዚያ ጁቬንቱስ ቦዶ መጣ። ግሊምት መራ፣ ተገለበጠ፣ በ87ኛው ደቂቃ በፍጹም ቅጣት ምት አቻ ሆነ፣ በባከነ ሰዓት ጎል ገባበትና 3 ለ 2 ተሸነፈ። ከዶርትሙንዱ አቻ ጋር ከስድስት ጨዋታ አንድም ድል የለም። በዚያው ሰሞን የኖርዌይን ሊግ በአንድ ነጥብ ልዩነት ለቫይኪንግ አስረከቡ። ያን ጊዜ አበቃላቸው ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ።

ጃንዋሪ 20 ቀን ሲቲ ቦዶ ላይ ወረደ። ኖርዌጂያኑ ኧርሊንግ ሃላንድም አብሮ ነበር። ካስፐር ሆግ በሁለት ደቂቃ ልዩነት ሁለት አስቆጠረ። ሃውገ ከሩቅ መትቶ ሦስተኛውን አገባ። ሮድሪ በቀይ ወጣ። 3 ለ 1። የሲቲ ተጫዋቾች እዚያ ድረስ ለተጓዙት 374 ደጋፊዎቻቸው የትኬታቸውን ገንዘብ መለሱላቸው። ከስምንት ቀን በኋላ ግሊምት ማድሪድ ሄዶ አትሌቲኮን 2 ለ 1 አሸነፈ። በዘጠኝ ነጥብ 23ኛ ሆኖ ለጥቂት አለፈ። እጣው ላይ ኢንተር ወጣ።

ለዚህ ክለብ ገንዘቡ ቀላል አይደለም። ሻምፒዮንስ ሊግ ለመግባት ብቻ 18.62 ሚሊዮን ዩሮ ይከፈላል። ለአንድ ድል 2.1 ሚሊዮን፣ ለአቻ 700 ሺህ። የግሊምት ሁለት ድልና ሦስት አቻ ሲደመር 6.3 ሚሊዮን ነው። ማለትም ከሌላው ድርሻ በፊት ብቻ ወደ 25 ሚሊዮን ዩሮ። ስምንት ሺህ ሰው በሚይዝ ስታዲየም ለሚኖር ክለብ ይሄ ዓለምን የሚቀይር ብር ነው። በዚሁ ሳቢያ አንድ ስጋት አለኝ። ሮዘንቦርግ 13 ዓመት የነገሠው በዚሁ የአውሮፓ ገንዘብ ጭምር ነበር። ሊጉ የአንድ ክለብ ብቻ ሊሆን ይችላል። የቫይኪንግ ዋንጫ ለጊዜውም ቢሆን ያን ስጋት አቅልሎታል።

ግሊምት ገንዘቡን ያፈሰሰበት መንገድ ደግሞ መታየት አለበት። ውድ ስም አልገዛም። በአንድ በኩል ወጣት አምጥቶ ያሳድጋል። ናይጄሪያዊው ቪክተር ቦኒፌስ በ2019 ቦዶ ሲገባ ማንም አያውቀውም ነበር፤ ከዚያ በቤልጂየም በኩል ሌቨርኩዘን ደርሶ በ2024 የጀርመን ሻምፒዮን ሆነ። በሌላ በኩል የሄዱ ልጆቹን መልሶ ያመጣል። አምበሉ ፓትሪክ በርግ ፈረንሳይ ሌንስ ሄዶ በስድስት ወሩ ተመለሰ። ፍሬድሪክ ቢዮርካን ጀርመንና ሆላንድ ደርሶ መጣ። ኤቭየን ከሆላንድና ከዴንማርክ ተመለሰ። ሃውገ ሚላንን፣ ፍራንክፈርትን፣ ቤልጂየምን አይቶ በ2024 ቤቱ ገባ። ውጪ ላይ ሁሉ ነገር አልሰመረላቸውም። ቦዶ ላይ ግን እንደ ወደቀ ሰው አልተቀበሏቸውም። የሚያውቁትን አጨዋወት፣ የሚያውቁትን አሰልጣኝ፣ የሚያውቁትን ሰው አገኙ። ብዙ የአፍሪካም የአውሮፓም ክለቦች ልጆቻቸውን ሸጠው ይረሷቸዋል። ይሄኛው ያስታውሳቸዋል።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ግሊምት የሳን ሲሮው ማታ ከመድረሱ በፊት ጣሊያን ምድር ላይ ሰባት ጊዜ ተጫውቷል። ኔፕልስ፣ ሚላን፣ ጄኖዋ፣ እንደገና ሚላን፣ ሦስት ጊዜ ሮም። አንድ አቻ፣ ስድስት ሽንፈት። በስምንተኛው አሸነፈ። ጎሉን የከፈተው ሃውገ ነው፤ በ20 ዓመቱ በዚያው ሜዳ አግብቶ ተሸንፎ የወጣው ልጅ።

በርግስ? ፓትሪክ በርግ የኦርያን በርግ ልጅ ነው፤ አባቱም ለግሊምት ተጫውቷል። አያቱ ሃራልድ በርግ ደግሞ የ1975ቱን ዋንጫ ያመጣው ቡድን ኮከብ ነበር። ኢንተር ግሊምትን 7 ለ 1 ያሰናበተው በአያቱ ዘመን ነው። በልጅ ልጁ ዘመን 5 ለ 2 ሆነ፤ ለግሊምት።